በአንድ ጣራ ሥር

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ውስጥ፣ ናይሮቢ በብርድና በካፊያ በተያዘችበት ሰሞን፣ አብረን ከምንኖረው ሦስት ሴቶች መካከል ታላቃችን ሌሊት ላይ በድንገት ታመሙ። እትዬ እያልን የምንጠራቸው እኚህ ሴት ዕድሜያቸው 68 ነው። ለወትሮው ከሁላችን ቀድመው ተነሥተው የወጥ ቤቱን መብራት የሚያበሩት እሳቸው ናቸው። በዚያ ሌሊት ግን ግራ እጃቸው አልታዘዝ፣ አንደበታቸው አልፈታ ብሎ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ታክሲ ጠርተን ወደ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ቅጽ የምትሞላው ወጣት ሠራተኛ ከወረቀቷ ቀና ብላ፣ «ምናቸው ናችሁ?» ስትል ጠየቀችን።

ጥያቄዋ ተገቢ ነበር፤ ሥራዋ ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን በቋንቋ አስተማሪነትና በትርጉም ሥራ ያሳለፍኩ ሴት ሆኜ ሳለ መልስ አጣሁ። «ጓደኛቸው ነኝ» አልኳት። እሷም በትዕግሥት ቅጹን ወደ እኔ አዙራ አሳየችኝ። ባል፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ ወንድም ወይም እኅት የሚል እንጂ ጓደኛ የሚል ቦታ የለውም። ይኸኔ ታናሻችን ከኋላዬ ወጣ ብላ «ልጃቸው ነኝ» አለችና ፈረመች። አብረን በኖርንባቸው 11 ዓመታት ይህቺ ልጅ ስትዋሽ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። በውሸቷ ምትክ የማቀርበው፣ ቅጹ የሚቀበለው እውነት ግን አልነበረኝም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ ተሽሏቸዋል። አንደበታቸው ተመልሷል፤ እጃቸውም ቀስ በቀስ እየታዘዘላቸው ነው። ያ ጥያቄ ግን ከሆስፒታል አብሮን ወደ ቤት መጣ። በማስታመሙ ሳምንታት ሌሊት ሌሊት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ቀድሞ የማውቀውን አንድ አሮጌ ልብ ወለድ እንደገና አነበብኩ። መጽሐፉ ከ260 ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከምትባለው ከተማ አጠገብ፣ ከጓደኛዋ ጋር ትኖር የነበረች ሴት የጻፈችው ነው። ስለ እሷና ስለ ባልንጀሮቿ ለአንባቢ ላወጋ የተነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

ወደዚህ መጽሐፍ የመራችኝ አንዲት ሐበሻ ልዕልት ናት ብል አንባቢ አይደነቅ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ባሳተመው «ራሴላስ» በተባለው ታሪክ ውስጥ፣ የሐበሻው ልዑልና እኅቱ ነቃያ፣ ደንገጡሯን ፔኩዋን አስከትለው፣ ተዘግተው ከሚኖሩበት ሸለቆ ያመልጡና ደስታን ፍለጋ እስከ ግብፅ ይዘልቃሉ። ጆንሰን አገራችንን በዐይኑ አላያትም፤ በወጣትነቱ የፖርቱጋላዊውን ኢየሱሳዊ የጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ ታሪክ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 አሳትሞ ነበርና የሚያውቃት በዚያ በኩል ነው። «ራሴላስ»ን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውት ስለነበር እኔም በልጅነቴ ከአባቴ የመጻሕፍት መደርደሪያ አንሥቼ አነበብኩት። በታሪኩ መጨረሻ ተጓዦቹ የየራሳቸውን ምኞት ይናገራሉ። ፔኩዋ የገዳም እመምኔት መሆን ትመኛለች። ነቃያ ግን ከዚህ ዓለም ነገር ሁሉ ዕውቀት ይበልጣል ብላ፣ ትምህርትን ሁሉ ከተማረች በኋላ የተማሩ ሴቶች የሚኖሩበት ኮሌጅ አቋቁማ ለመምራት ታስባለች። ከዚያ ሁሉም ምኞታቸው የማይጨበጥ መሆኑን ተረድተው ወደ አገራቸው ለመመለስ ይወስናሉ።

በልጅነቴ ይህ መጨረሻ አናዶኝ ነበር። ልዕልቲቱ ያን ያህል አገር አቋርጣ፣ ያን ያህል መክራ፣ ኮሌጇን ሳትሠራ እንዴት ትመለሳለች? ንዴቴ ሳይበርድ ዓመታት አለፉ። ኋላ ናይሮቢ መሀል ከተማ፣ አሮጌ መጻሕፍት በመንገድ ዳር ዘርግተው ከሚሸጡት ነጋዴዎች ዘንድ፣ በ1986 ሎንዶን ውስጥ እንደገና የታተመ አንድ መጽሐፍ አገኘሁ። ርእሱ «ሚሌኒየም ሆል» ይላል። መጀመሪያ የታተመው በ1762 ነው፤ ነቃያ ከተመኘች ከሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። አንዱ ከሌላው ተወስዷል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ልዕልቲቱ በሐሳብ የተወችውን ቤት አንዲት ሴት በወረቀት ላይ ሠርታ አገኘኋት።

ይህቺ ሴት ሳራ ስኮት ትባላለች። በ1720 ተወለደች። ከታላቅ እኅቷ ከኤልሳቤጥ ጋር እጅግ ከመመሳሰላቸው የተነሣ ቤተሰቡ ከአንድ ቅርፊት እንደ ወጡ ሁለት አተሮች ይቆጥራቸው ነበር። በ1741 ሳራ ፈንጣጣ ያዛት። ኤልሳቤጥ እንዳይጋባባት ከቤት ርቃ እንድትቆይ ተደረገ። ሳራ ከሞት ተረፈች፤ መልኳ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ እኅትማማች ዕጣ ተለያየ። ኤልሳቤጥ በዕድሜ እጅግ የሚበልጣትን ባለጸጋ ኤድዋርድ ሞንታጉን አግብታ የሎንዶን ታላቅ እመቤት ሆነች። ሳራ ደግሞ በ1751 ጆርጅ ሉዊስ ስኮት የተባለ የሒሳብ ሊቅ አገባች። ይህ ሰው ኋላ ሦስተኛው ጆርጅ ተብሎ የነገሠውን ልዑል ከሚያስተምሩት አንዱ ነበር። ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1752 የጸደይ ወራት፣ አባቷና ወንድሞቿ ሄደው ከባሏ ቤት አወጧት። ምክንያቱ በአደባባይ አልተነገረም። ባልየው ከጥሎሿ ከፊሉን መለሰ፤ በየዓመቱም መተዳደሪያ ሊሰጣት ተስማማ። አባቷ ግን ወደ ቤቱ አልመለሳትም።

አንባቢ የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ሕግ ማስታወስ ይገባዋል። ያገባች ሴት በሕግ ዐይን ከባሏ የተለየ ህልውና አልነበራትም። የሚንቀሳቀስ ንብረቷም ሆነ በላቧ ያገኘችው ገቢ የባሏ ነበር። ይህ ሥርዓት መሻሻል የጀመረው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1870 እና በ1882 በወጡት ሕጎች ነው። ስለዚህ ከባሏ የተለየች ሴት ማረፊያዋ ሁለት ነበር፤ ወይ የዘመድ ቤት፣ ወይ የባለጸጋ ሴት «ኮምፓኒየን» ሆኖ መቀጠር። 

የኛ «ባልንጀራ» የሚለው ቃል «ባለ እንጀራ» ከሚለው የመጣ ነው ይባላል፤ አንድ እንጀራ የሚቋደሱ ማለት ነው። የእንግሊዞቹ ቃልም ከላቲን ሲወረስ ትርጉሙ ይኸው ነው፤ አንድ ዳቦ አብረው የሚበሉ። በ18ኛው መቶ ዘመን ግን ኮምፓኒየን ማለት በክፍያና በቀለብ ተይዛ፣ እመቤቲቱ ስትስቅ የምትስቅ፣ እመቤቲቱ ስትቆጣ የምትቆጣት፣ ከሎሌ በላይ ከሰው በታች የሆነች ድኻ ወይዘሮ ማለት ሆኖ ነበር። ጄን ኮሊየር በ1753 ሰውን በጥበብ ስለ ማሠቃየት የጻፈችው የፌዝ መጽሐፍ አንድ ክፍሉን የሚያውለው እንዲህ ያለችውን ጥገኛ እንዴት ማንገብገብ እንደሚቻል ለማስተማር ነው። የሚያስቅ መጽሐፍ ነው። ሰው ቤት ተጠግቶ የኖረ ሰው ግን እየሳቀ ማንበብ ይቸግረዋል። እኔም ወደዚህ ከተማ እንደ መጣሁ ሰው ቤት ተጠግቼ ነበር፤ የሻይ ብርጭቆ ሳጥብ ድምፅ እንዳላሰማ እጠነቀቅ የነበረውን አልረሳውም።

ሳራ ስኮት ሦስተኛ መንገድ መረጠች። ከጋብቻዋ በፊት ጀምሮ የምታውቃት ሌዲ ባርባራ ሞንታጉ የምትባል ጓደኛ ነበረቻት። በስም ቢመሳሰሉም ከኤልሳቤጥ ባል ቤት አይደለችም፤ የሃሊፋክስ ኧርል የተባሉት መኳንንት ልጅ ናት። ጤናዋ ደካማ፣ ገቢዋም ከማዕረጓ ያነሰ ነበር። ሁለቱ ያላቸውን አዋጥተው ባዝ ውስጥ፣ ከ1754 ወዲህ ደግሞ ባዝኢስተን በምትባለው በአቅራቢያዋ መንደር ቤት ይዘው ኖሩ። ኤልሳቤጥ በ1755 ጐብኝታቸው ያየችውን በደብዳቤ አስፍራለች። ሳራ ማልዳ ትነሣለች፤ ከቤተሰቡ ጋር ጸሎት ካደረሰች በኋላ ለ12 ድኻ ልጃገረዶች የሚሰፋ ጨርቅ ቀድዳ ታዘጋጃለች። የልጆቹን ትምህርት የሚከፍሉት ሁለቱ ናቸው። ከልጆቹ ፈጠን ያሉትን ጽሕፈትና ሒሳብ ራሷ ታስተምራለች። የሚሰፋው የአራስ ልብስና የድኾች ልብስ ነው፤ ተሰፍቶ ሲያልቅ በመንደሩ ለተቸገሩ ይታደላል። እሑድ ማለዳ ልጃገረዶቹና ሌሎች 12 ወንዶች ልጆች ተሰብስበው ሃይማኖታቸውን ይማሩና ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ መካከል ሳራ ትጽፍ ነበር። ልብ ወለድ፣ ከፈረንሳይኛ የተመለሰ ታሪክ፣ የስዊድን ንጉሥ የሕይወት ታሪክ ሁሉ ጽፋለች። ስሟን ግን አታወጣም፤ አንዳንዴም በወንድ ስም ታሳትም ነበር። ሌዲ ባርባራም በበኩሏ ከደራሲውና ከአታሚው ከሳሙኤል ሪቻርድሰን ጋር ትጻጻፍ ነበር። ሁለቱን ያኖራቸው የውርስ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ብዕርም ነው።

«ሚሌኒየም ሆል» ከዚያ ቤት የወጣ መጽሐፍ ነው። ሚሌኒየም የሚለውን ቃል ከሁለት ሺኛው ዓመት በዓላችን ወዲህ የማያውቅ የአማርኛ አንባቢ የለም፤ በመጽሐፉ ግን የሺህ ዓመቱን የሰላም መንግሥት ያመለክታል። ሁለት ወንዶች ሠረገላቸው መንገድ ላይ ይሰበርባቸውና አንድ ያማረ ግቢ ይደርሳሉ። በግቢው አዳራሽ አንዷ ስትሥል፣ አንዷ እንጨት ስትቀርጽ፣ አንዷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታነብ ያገኛሉ። ቀስ በቀስም እነዚህ ሴቶች ሀብታቸውን አንድ ላይ አድርገው እንደሚኖሩ፣ ለሕፃናት ትምህርት ቤት፣ ለአሮጊቶች መኖሪያ፣ ለሥራ ፈላጊዎች የምንጣፍ ፋብሪካ እንደ ከፈቱ ይሰማሉ። ከመጠን በላይ አጭር ወይም ረጅም ሆነው በመፈጠራቸው በገንዘብ ለሕዝብ ይታዩ የነበሩ ሰዎችም ከዐይን ተከልለው በክብር የሚኖሩበት ቦታ አዘጋጅተዋል።

ከሴቶቹ መካከል ልቤን የያዙት ሁለት የትምህርት ቤት ጓደኞች ናቸው። አንዷ በእንጀራ እናቷ ሐሜት ተገፍታ ሞርጋን የሚባል ክፉ ሰው ታገባለች። ሞርጋን መጀመሪያ ያደረገው ነገር ጓደኛዋ ደጁን እንዳትረግጥ መከልከል ነው። ሚስቱን አልመታም፣ አላስራበም፤ የልቧን ሰው ከለከላት። ሁለቱ እንደገና በአንድ ጣራ ሥር የሚገናኙት ከዓመታት በኋላ እሱ ሲሞት ነው። ይህን ሳነብ ስኮት ከሕግ መጽሐፍ የማይገኝ ነገር እንደምታውቅ ተረዳሁ፤ ለጓደኝነት ዳኛ የለውም። የተከለከለች ጓደኛ የምትከስበት ችሎት፣ የምትሞላው ቅጽ የለም።

መጽሐፉን ከተራ ሕልም የሚለየው ደግሞ ደንቡ ነው። ድኻ ወይዘሮዎች ተሰብስበው ለሚኖሩበት ቤት ሴቶቹ ያወጡት ሥርዓት እያንዳንዷ ያላትን ገንዘብ ወደ ጋራ ሣጥን እንድታገባ ያዛል። እያንዳንዷ የራሷ ክፍል ይኖራታል፤ ማዕዱ ግን የጋራ ነው። በጠባይዋ ቤቱን የምትበጠብጥ ብትገኝ ከአራት ሦስት እጅ የሚሆኑት በምስጢር ድምፅ ከወሰኑ ትሰናበታለች። ከሥነ ምግባር የወጣችም ስትሰናበት ገንዘቧ ይመለስላታል። ፍቅርን የሚያውቅ ሰው የጻፈው ደንብ ነው። ጸባቸውን አስቀድሞ አስቦላቸዋልና።

ሐሳቡ ለእንግሊዝ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። ስምንተኛው ሄንሪ ከ1536 እስከ 1540 ገዳማትን ካፈረሰ ወዲህ በዚያች አገር ላላገባች ሴት በክብር ተሰብስቦ መኖሪያ ጠፍቶ ነበር። ሜሪ አስቴል በ1694 ሴቶች ተለይተው የሚማሩበትና የሚያስቡበት ቤት እንዲቋቋም ሐሳብ ብታቀርብ የካቶሊክ ገዳም ልትመልስብን ነው ተብሎ ተነቀፈባት። ገዳምን ለምናውቅ ለኛ ይህ ፍርሃት እንግዳ ነው። ስኮት ይህንን ታውቅ ነበር መሰል፣ ሴቶቿን ከዓለም አታስወጣቸውም። በራቸው ክፍት ነው፤ ለሙሽሮች ጥሎሽ እንኳ ይሰጣሉ።

እንዲህ ያለው ቤት በእውን ሊሠራ ይችላል ወይ? ሌዲ ባርባራ በ1765 ሞተች። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1768፣ ሳራ በእኅቷ በኤልሳቤጥ ርዳታ ሂቻም በምትባል የበኪንግሃምሺር መንደር ከጥቂት ሴቶች ጋር በመጽሐፉ አምሳል የጋራ ኑሮ ሞከረች። ከታሰቡት አንዷ ደራሲዋ ሳራ ፊልዲንግ ነበረች። የ«ቶም ጆንስ» ደራሲ የሄንሪ ፊልዲንግ እኅት ናት። ከ1750 እስከ 1751 ባሉት ሰባት ወራት ብቻ ሦስት እኅቶቿን ቀብራለች። ከጄን ኮሊየር ጋር በ1754 አንድ መጽሐፍ አብረው ጽፈው በዓመቱ ኮሊየርም ሞተችባት። በ1749 ያሳተመችው «ገቨርነስ» የተባለው የልጆች መጽሐፍ የሚጀምረው ዘጠኝ የአንድ ቤት ተማሪዎች ለአንድ ትልቅ ፖም ሲደባደቡ ነው። አብሮ መኖርን ከጸቡ መጀመሯ ደስ ይለኛል። ባዝ አካባቢ ለእነ ሳራ ጎረቤት ሆና ኖራለች። ሂቻም ግን አልደረሰችም፤ በዚያው በ1768 ሚያዝያ ላይ ሞተች። የሂቻሙም ቤት ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ።

እነሆ፣ በወረቀት የተሠራው ቤት እስከ 1778 ድረስ አራት ጊዜ ታተመ፤ በድንጋይ ቤት ውስጥ የተሞከረው አንድ ዓመት አልቆየም። መጀመሪያ ሳነበው ይህ አሳዝኖኝ ነበር። ያን ጊዜ ነቃያ ልክ ነበረች ወይ ብዬም ነበር። በእትዬ አልጋ አጠገብ ሳነበው ግን ቀድሞ ያላየሁትን አየሁ። የፈረሰው ሂቻም ነው። ባዝኢስተን አልፈረሰም። ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ታማሚ፣ 12 የሚሰፉ ልጆች፣ ያልተረፈ ገንዘብ፤ ያ ቤት ሞት እስኪለያቸው ዘለቀ። ማንም ኮሌጅ ብሎ አልጠራውም እንጂ ነበረ።

አንድ ጣራ የማይጠይቅ ወዳጅነትም ነበረ። ኤልሳቤጥ ሞንታጉ ሎንዶን በሚገኘው ቤቷ ቁማር ቀርቶ ስለ መጻሕፍት የሚወራበት ጉባኤ ታደርግ ነበር። ቤንጃሚን ስቲሊንግፍሊት የተባለ ሊቅ የክብር ልብስ ትቶ በሰማያዊ የሱፍ ካልሲ ስለ መጣ ጉባኤተኞቹ «ሰማያዊ ካልሲዎች» ተባሉ። ከእነሱ አንዷ የቄስ ልጅ የሆነችው ኤልሳቤጥ ካርተር ኤፒክቴተስን ከግሪክኛ ተርጉማ በ1758 ካሳተመችው መጽሐፍ ባገኘችው ገንዘብ በዲል ከተማ የራሷን ቤት አቆመች፤ አባቷንም ይዛ ኖረችበት። የልቧ ጓደኛ ካትሪን ታልቦት ደግሞ በጳጳሱ በቶማስ ሴከር ቤት አደገች። ከ1741 ጀምሮ ወደ 30 ዓመት ገደማ ሲጻጻፉ ኖሩ። ታልቦት በ1770 ስትሞት በሕይወቷ ሳታሳትመው የቀረውን ጽሑፍ ለሕትመት ያበቃችው ካርተር ናት። «ምኗ ነሽ?» ብትባል ምን ትል ነበር? የሞተችውን ሰው ቃል አላስጠፋሁም ማለቱ ዝምድና ባይሆን ሌላ ምን ይባላል?

ይሁን እንጂ እነዚህን ሴቶች መላእክት ላደርጋቸው አልፈልግም። የኤልሳቤጥ ሞንታጉ ሀብት ከሰሜን እንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች የሚወጣ ነበር። በ«ሚሌኒየም ሆል» ወይዘሮዎቹ ይሰጣሉ፣ ድኾቹ ያመሰግናሉ፤ ማዕዱ የጋራ ነው ቢባልም የእመቤቶቹና የሠራተኞቹ ማዕድ አንድ አይደለም። ታሪኩን የሚነግረን ሰው ጃማይካ ኖሮ የተመለሰ ነው። በ1766 በወጣው ተከታይ መጽሐፍ ይኸው ሰው በጋብቻ የሸንኮራ እርሻና ባሪያዎች ይደርሱታል። አያያዛቸውን ያሻሽላል፤ ጭካኔን ያወግዛል። ባርነቱን ግን አያፈርስም። ለተገፉ ሴቶች ያን ያህል ያሰበች ብዕር እዚያ ስትደርስ ቆመች። አፍሪካ ውስጥ ተቀምጦ ይህን የሚያነብ ሰው ገጹን በዝምታ ሊያልፈው አይችልም።

መጽሐፉን ስዘጋ ዐይኔ ያረፈው ግን በራሳችን ቤት ላይ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን መጥታ ልብሳችንን የምታጥብልን ሴት አለች፤ ከኛ ጋር ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። እኛ «ሦስት ነን» ስንል እሷን ቆጥረናት አናውቅም።

እትዬ ከተሻላቸው በኋላ የወንድማቸው ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ጨዋ ሰው ነው። «ለእርስዎ ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን አክስቴ በእርጅናቸው ከቤተሰባቸው መሀል መሆን አለባቸው» አለኝ። አልተሳሳተም። ደሙ ናቸው፤ ስሙ ቅጹ ላይ ቦታ አለው። እኔ ምን ብዬ እከራከረዋለሁ? ስልኩን ለእትዬ አቀበልኳቸው። በዚያ ገና በሚጎተት አንደበታቸው «አንተ ልጅ፣ እኔኮ ያለሁት ቤቴ ነው» አሉት። ከዚያ ለገና መጥተው እንደሚጠይቁትና እንደሚመለሱ ነገሩት። ስልኩን ሲዘጉ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እሱ ከልቡ እንዳዘነም አውቃለሁ።

በማግሥቱ ከቡና በኋላ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። እንደ ስኮት ሴቶች ደንባችንን በጽሑፍ እናድርገው፤ በሕመም ጊዜ ማን ይወስናል፣ ለኪራይና ለዕቃ ያዋጣነው ገንዘብ አንዳችን ብትወጣ ወይም ብትሞት ለማን ይመለሳል፣ ይህን ሁሉ ጠበቃ ዘንድ ሄደን እንፈራረም አልኳቸው። ታናሻችን ፊቷ ተለዋወጠ። እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች እያከፋፈለች በወር ከምታገኘው ላይ ሳይጠየቅ የምታዋጣ ልጅ ናት። «እኅትማማቾች ውል ይፈራረማሉ እንዴ? እኔ እትዬን ‹እናቴ ናቸው› ብዬ ስፈርም ውል ነበረኝ?» ብላ አለቀሰች። እኔም መልስ አልነበረኝም፤ እውነቷን ነው። የመለሱላት እትዬ ናቸው። «ልጄ፣ የእኅትማማቾችን ውል ሌላ ሰው ድሮ ጽፎላቸዋል። የኛን የጻፈልን የለም።»

ሦስት ቀን ሳንነጋገር ቆየን። የጋዝ ሲሊንደር እንኳ ሲያልቅ አንዳችን ለአንዳችን ሳንናገር ነው የቀየርነው። በአራተኛው ቀን ታናሻችን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ የልብስ አጣቢያችንም ስም ይግባበት፣ ቤቱ ቢፈርስ ባዶ እጇን እንዳትወጣ። ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር። መጽሐፉን ያነበብኩት እኔ ሆኜ ሳለ የጎደለውን የሞላችው ያላነበበችው ናት።

ሳራ ስኮት በ1795 ኖርዊች ከተማ አጠገብ በምትገኘው በካተን ሞተች። ወረቀቶቿ እንዲቃጠሉ አዝዛ ስለ ነበር ዛሬ የምናውቃት በአብዛኛው ሌሎች ባስቀመጡላት ደብዳቤዎች ነው። ለእኅቷ የጻፈቻቸው ከኤልሳቤጥ ደብዳቤዎች ጋር በካሊፎርኒያ፣ በሀንቲንግተን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ሰው ራሱን ሲያጠፋ ባልንጀራው ያቆየዋል።

ጠበቃው ዘንድ ሄደን ፈረምን። ከዚያ በኋላ እትዬን ለክትትል ወደዚያው ሆስፒታል ስንወስዳቸው የተቀበለችን ያችው ወጣት ነበረች። ታናሻችን አስቀድማ፣ «ያን ጊዜ ልጃቸው ነኝ ያልኩት እውነት አልነበረም» አለቻትና ወረቀቱን ሰጠቻት። ሠራተኛዋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ቅጹ አሁንም ያው ቅጽ ነው፤ ለኛ የሚሆን ቦታ የለውም። ጥቂት አሰበችና በጠርዙ ላይ፣ ከተሰመረው ሳጥን ውጭ፣ በእጇ «አብረው የሚኖሩ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ሁለታችንንም አስፈረመችን።